ከጅማ ጫካ እስከ ተተወው ሆስፒታል፦ ፎቶ ይዞ በሰላም የመመለሻ መመሪያ

ጅማ ዙሪያ ተፈጥሮን ሊያነሱ ወጥተው የተተወ ሆስፒታል ያገኙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይዘው ይመለሳሉ። ወይ መስኮቱ ነጥቶ ክፍሉ የጠቆረ ፎቶ፣ ወይ በር ላይ የተደመሰሰ ሜሞሪ ካርድ፣ ወይ ሚስማር የወጋው እግር። ሦስቱም የሚመጡት ከአንድ ስህተት ነው። ሰው ጫካውን አቅዶ ይወጣል፤ ሆስፒታሉን ግን “ካገኘን እናያለን” ብሎ ይተወዋል።

ገልብጡት። ቀኑን ከሆስፒታሉ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አቅዱ። ሕንፃው ፈቃድ ይፈልጋል፣ ብርሃን ይፈልጋል፣ ያልደከመ እግርና ያላለቀ ባትሪ ይፈልጋል። ጫካው ይህን ሁሉ አይጠይቅም።

የማውቀውን ሕንፃ ቦታ እዚህ አልጽፍም። ቦታው የታወቀ ባዶ ሕንፃ ቆርቆሮው፣ በሩና ሽቦው ሲነቀል አይቻለሁ። መመሪያው ግን በአካባቢው ለምታገኙት ማንኛውም የተተወ የጤና ተቋም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ፈቃዱን ከሳምንት በፊት ጨርሱ

ባዶ ሕንፃ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። የጤና ጽሕፈት ቤት፣ የእርሻ ልማት ወይም የሃይማኖት ተቋም ንብረት ሊሆን ይችላል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ቀበሌ ሂዱ። የአካባቢው ሰው “ጋንዳ” ይለዋል። ሕንፃው የማን እንደሆነና ቁልፉ ማን ጋር እንዳለ ጠይቁ።
2. ባለቤቱ መሥሪያ ቤት አጭር ማመልከቻ አስገቡ። የሰው ብዛት፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የምትይዙት ካሜራና ፎቶው የሚውልበትን ጻፉ። “ለግል ስብስብ” ከሆነ እንደዚያው ጻፉ።
3. ማህተምና ቁጥር ያለው ደብዳቤ ተቀበሉ። ለቀበሌውና ለአካባቢው ፖሊስ ግልባጭ ይደረግላችሁ ዘንድ ጠይቁ።
4. ከመውጫው ቀን በፊት ጥበቃውን በአካል አግኙት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ደብዳቤውን ያላየ ጥበቃ የቆመው ለሥራው ነው፤ ቢመልሳችሁ አይፈረድበትም።

በስልክ “ችግር የለም” የተባለ ነገር በር ላይ ሲደርስ ችግር ይሆናል። ወረቀት ይኑራችሁ። ከወረቀቱ ጋር መታወቂያ ያዙ፣ ሁለቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ።

ዓርብ ቢሮ አትሂዱ ማለት ይቻላል። የመንግሥት ቢሮ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ጅማ ደግሞ የጁምዓ ሰላት የሚከበርበት አገር ነው። ጥበቃውም፣ ሊቀመንበሩም፣ ባጃጅ ነጂውም መስጊድ ይሆናሉ።

አፋን ኦሮሞ የማትችሉ ከሆነ ሦስት ነገር ልመዱ። “አካም ቡልተኒ” እንዴት አደራችሁ ነው። “ሱራ ካሱ ነን ደንደአ?” ፎቶ ማንሳት እችላለሁ? ነው። “ገለቶማ” እናመሰግናለን ነው። ሽማግሌ ካያችሁ ካሜራውን ከአንገታችሁ አውርዱና መጀመሪያ ሰላም በሉ። ቡና ከጠሯችሁ ተቀመጡ። እዚያ የምታጠፉት ግማሽ ሰዓት በኋላ ማን እንደሆናችሁ ለሚጠይቅ ሰው ሁሉ መልስ ይሆናል።

ድሮን ቤት ተዉት። ድሮን ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የቀበሌ ደብዳቤ አይተካውም።

ካልተሳካ፦ “ነገ ኑ” ከተባላችሁ ነገ ሂዱ። ጨርሶ ከተከለከላችሁ አትግቡ። በአጥር ቀዳዳ ገብቶ የሚነሳ ፎቶ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው በሩን ይዘጋበታል። የዚያን ቀን ጫካውን አንሱ።

ደረጃ 2፦ ቀንና ሰዓት ምረጡ

ጅማ ዝናብ አይጠፋትም። ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃው መኪና ይይዛል፣ የሕንፃው ወለልም ውሃ ያቁራል። ለዚህ ጉዞ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ቀይ ፍሬው ለፎቶ ያምራል። ባለ ማሳው ግን በዚያ ሰሞን ቡናው መሃል የሚዞር እንግዳ አይወድም። ጥግ ላይ ቁሙና አስፈቅዱ። የቡና አበባ የምትፈልጉ ከሆነ የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናብ ከጣለ በኋላ ያሉትን ቀናት ጠብቁ። ቅርንጫፉ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል፤ በጥቂት ቀን ውስጥም ይረግፋል።

ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ የምትወጣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ቀኑን እንዲህ ከፋፍሉት፦

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጫካ ወይም ረግረግ።
ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ጉዞ፣ ምግብ፣ ዕቃ ማደራጀት።
ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ሆስፒታሉ።

ሕንፃውን ለምን ከሰዓት አናደርገውም? ይደረጋል፤ ግን አልመክርም። አንድ ሰው ቢጎዳ ወደ ከተማ የሚመለሰው ጨለማ ላይ ይሆናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከማታው 12 ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ትጠልቃለች። በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ጨለማ ከውጭው ቀድሞ ይገባል።

ደረጃ 3፦ ቦርሳውን ማታ አሰናዱ

ለካሜራው፦ ሁለት ሙሉ ባትሪ፣ ሁለት ሜሞሪ ካርድ፣ ትሪፖድ፣ አንድ ሰፊ ሌንስ፣ ለወፍና ለጉሬዛ አንድ ረጅም ሌንስ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ ትልቅ ፌስታል። ፌስታሉ ለድንገተኛ ዝናብና ለአቧራ ነው። ስልክ ብቻ ያላችሁ ትንሽ የስልክ ትሪፖድና ፓወር ባንክ ያዙ።

አንዱን ባትሪና አንዱን ካርድ በትንሽ ከረጢት አስራችሁ “ሆስፒታል” ብላችሁ ጻፉበት። ጫካ ውስጥ አትክፈቱት። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ባትሪዬን ጉሬዛ ላይ ጨረስኩት። ሆስፒታሉ ስደርስ አሥር ፎቶ ሳላነሳ ካሜራው ጠፋ።

ለሰውነት፦ ወፍራም ሶል ያለው ቦት ጫማ፣ ረጅም ሱሪ፣ ረጅም እጅጌ፣ የቆዳ ጓንት፣ ኤን95 ማስክ፣ የግንባር ባትሪና መለዋወጫው። ተራው የሕክምና ማስክ ደቃቅ አቧራ አያቆምም። ሸራ ጫማም መርፌና ሚስማር አያቆምም። ይህን ሁለቱን በቀላሉ አትዩት።

ለችግር፦ ሳሙና፣ ሁለት ሊትር የመታጠቢያ ውሃ ከሚጠጣው ለብቻ፣ ፋሻ፣ ፊሽካ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ ቀድማችሁ አውርዱ። ለቤተሰብ የት እንደምትሄዱና በስንት ሰዓት እንደምትደውሉ ንገሩ።

ከሦስት ሰው በታች ሆናችሁ አትሂዱ። አንድ ሰው ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቆያል፣ ሌላው እርዳታ ይጠራል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ጉዞውን ወደ ሌላ ቀን አዛውሩ።

ደረጃ 4፦ የጠዋቱን ጫካ አንሱ

ሁለት ምርጫ አለ። ረግረግ የሚወድ ከከተማው ብዙም ወደማይርቀው ቦዬ ይሂድ። ጫካ የሚወድ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ “በለጠ” የሚባለውን ጫካ ያገኛል። ሁለቱንም በአንድ ጠዋት አትሞክሩ። ለሆስፒታሉ መንገድ የሚቀርበውን ምረጡ።

ቦዬ ላይ፦ ጉማሬ የሚታይበት ውሃ ነው። ንጋትና ምሽት ላይ ከውሃው ዳር ራቁ። በጉማሬና በውሃው መካከል በፍጹም አትቁሙ። ረጃጅም እግር ያላቸውን ወፎች ለማንሳት ዝቅ በሉ፤ ካሜራው በወፏ ዓይን ልክ ይሁን። የሹተሩን ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ) 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጉት። ጉም ካለ ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን የብርሃን መጠን) በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም በእጥፍ፣ ከፍ አድርጉት፤ ያለበለዚያ ጉሙ ግራጫ ሆኖ ይወጣል።

በለጠ ላይ፦ ጉሬዛ ጠዋት ከዛፉ ጫፍ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ከሥሩ አትሩጡ፣ አትጩሁ። ሩቅ ቁሙና ጠብቁ። ካሜራ የሚሳሳትበት እንስሳ ነው፤ ገላው ጥቁር፣ ጭራውና የትከሻው ፀጉር ነጭ፣ ከኋላው ደግሞ ብሩህ ሰማይ። ካሜራው በራሱ ሲለካ ጉሬዛው ጥላ ብቻ ይሆናል። የብርሃን መለኪያውን ነጥብ (ስፖት) ላይ አድርጉና ፊቱን ለኩ፣ ነጩ ፀጉር እንዳይቃጠልም ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) እስከ 1600 ለማውጣት አትፍሩ። ነጠብጣብ ያለው ፎቶ ከተንቀጠቀጠው ይሻላል።

ከላይ እንደ ማራገቢያ የሚያርገበግብ ከባድ የክንፍ ድምፅ ከሰማችሁ ቀና በሉ። ምንቃሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ትልቅ ጉብታ ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ሊሆን ይችላል። ፍሬ ያፈራ ሾላ ሥር ብትቆሙ ተመልሶ ይመጣል።

ሌንሱ ጉም ከያዘ በጨርቅ ደጋግማችሁ አትሹት። ካሜራውን ከቦርሳው አውጡና ከውጭው አየር ጋር እስኪለምድ ጠብቁት።

2 ሰዓት ተኩል ሲሆን አቁሙ። ምንም ያህል ደስ ቢል አቁሙ።

ደረጃ 5፦ መሃል ላይ ዕረፍት አድርጉ

ብሉ፣ ጠጡ። ሕንፃው ውስጥ አይበላም። የሆስፒታሉን ካርድና ባትሪ አስገቡ። ሰፊውን ሌንስ እዚህ ቀይሩ። ውስጥ አቧራ ስላለ እዚያ ሌንስ አትቀያይሩ። ከጫካው አይኤስኦ 1600 ላይ የቀረ ካሜራ ብዙ ሰው ያሳስታል። ወደ 100 መልሱት።

ደረጃ 6፦ ሕንፃውን ከውጭ ዙሩ

ጥበቃውን ሰላም ብላችሁ ደብዳቤውን አሳዩ፤ አብሯችሁ ቢዞር ጥሩ ነው። ካሜራውን ገና አታውጡ። ረጅም ዱላ ያዙና ፊት ለፊታችሁ ያለውን ሣር እየነካካችሁ ዙሩ።

ሰው የሚፈራው የሕንፃውን ውስጥ ነው። ከባዱ አደጋ ግን ብዙ ጊዜ ከጀርባ ነው። የጤና ተቋም ጓሮ የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ፣ የስለታም ቆሻሻ ጉድጓድ፣ የማቃጠያ ምድጃና የሽንት ቤት ጉድጓድ ይኖረዋል። ክዳናቸው ዝጎ ወይም በስብሶ ሣር በቅሎበት ይሆናል። ከርቀት መሬት ይመስላል። ስለዚህ ከጓሮ አራት ማዕዘን የሲሚንቶ ጠርዝ፣ የቆመ የአየር ቱቦ ወይም ያለ ምክንያት የለመለመ ሣር ካያችሁ አትጠጉ። ቦታውን ለሁሉም ሰው አሳዩ።

ቀጥሎ እነዚህን ተመልከቱ፦

ጣራ። ምስጥ የበላው ወራጅ ቆርቆሮውን ይዞ ይወርዳል። የጎበጠ ጣራ ካለበት ክፍል አትግቡ። ከቆርቆሮ ይልቅ ግራጫ የሲሚንቶ ክዳን ከሆነ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። ስባሪውን አትርገጡ፣ አትስበሩ።

ንብ። ኮርኒስ ሥር የሚገባና የሚወጣ ንብ ካያችሁ በዚያ በኩል አትግቡ። ሽቶ አትቀቡ። ቢነሳባችሁ አታባርሩት፤ ፊታችሁን ሸፍናችሁ ሩጡ። ውሃ ውስጥ አትግቡ።

የእንስሳ ዓይነ ምድርና አጥንት። ጅብ ወይም ውሻ እዚያ ያድራል ማለት ነው። ክፍሉን ተዉት።

መውጫ። ሁለት መውጫ ያለውን ክፍል ምረጡ። ከገባችሁበት በር ውጪ ሌላ የት እንዳለ ሳታውቁ አትግቡ።

ደረጃ 7፦ ግቡ

በር ላይ ቁሙና ሁለት ደቂቃ ዓይናችሁን ጨለማውን አስለምዱት። አድምጡ። በዱላው ሦስት ጊዜ ወለሉን ምቱ፤ እባብ ካለ ሊሸሽ ይችላል። ከዚያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛችሁ ግቡ። የጣውላ ወለል ጠርዙ ከመሃሉ ይሻላል። ደረጃ ካለ ወደ ላይ አትውጡ። የምፈልገው ፎቶ ሁሉ ምድር ቤት ተገኝቷል።

በዓይናችሁ ሥሩ፣ በእጃችሁ አትሥሩ። ምንም አታንሱ፣ ምንም አትክፈቱ። በተለይ እነዚህን፦

ቢጫ የካርቶን ሳጥን። የጤና ባለሙያዎች “ሴፍቲ ቦክስ” የሚሉት ነው፤ መርፌ ነው ያለበት። የወለሉ ቆሻሻ ክምርም እንደዚያው።

የብር ቀለም ያለው ጠብታ። ሜርኩሪ ነው። ከአሮጌ የሙቀትና የደም ግፊት መለኪያ ይፈስሳል። አትርገጡት፣ አትጥረጉት፣ ክፍሉን ለቃችሁ ውጡ። እንፋሎቱ ነው የሚጎዳው።

ባለ ሦስት ክንፍ የጨረር ማስጠንቀቂያ ምልክት የተለጠፈበት በር ወይም ከባድ የብረት ዕቃ። ተራ የራጅ ማሽን ኃይል ከሌለው ጨረር አያወጣም። ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ያለበት የጨረር ሕክምና መሣሪያ ግን ሁልጊዜ ያወጣል። በ1987 እ.ኤ.አ. በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ሰዎች ከተተወ ክሊኒክ አንድ መሣሪያ ነቅለው ወሰዱ። ውስጡ ሲዚየም 137 ነበር። 4 ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበከሉ። በውስጡ የነበረው ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ እያበራ ስላማራቸው ሰዎች እጃቸው ላይ ቀብተውት ነበር። እናንተ ከበሩ ወደ ኋላ መለስ በሉ፣ ለጥበቃውም ንገሩት።

የሌሊት ወፍ ያለበት ክፍል። ኩሱ ሲደርቅ አቧራው ሳንባ ይጎዳል። የማርበርግ ቫይረስ የሚኖረው ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ላይ ነው፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በሽታው መገኘቱ ተረጋግጧል። ሁሉም የሌሊት ወፍ ይህን ይዟል ማለት አይደለም። በዓይን ግን ለይታችሁ አታውቁትም። ከደጅ ሆናችሁ በረጅም ሌንስ አንሱና ቀጥሉ።

ደረጃ 8፦ ክፍሉን አንሱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጫካ ላይ የሠራለትን አሠራር ይዞ ስለሚገባ ነው። ጫካ ውስጥ ፍጥነት ነበር። እዚህ ዝግታ ነው። ወፍ አይበርም፤ ክፍሉ የትም አይሄድም። ለአንድ ክፍል አሥር ደቂቃ ስጡ።

መጀመሪያ መስኮቱን እዩ። ወደ ምሥራቅ የሚያዩ ክፍሎች እስከ 4 ሰዓት ተኩል ቀጥታ ፀሐይ ይገባቸዋል። እነሱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ወደ ሰሜን የሚያዩት ለስላሳ ብርሃን ስላላቸው ይቆያሉ።

1. ትሪፖዱን ደረት ከፍታ ላይ ትከሉ። ካሜራውን አስተካክሉ፤ ወደ ላይ ካጋደለ ግድግዳው የሚወድቅ ይመስላል።
2. ራው (ካሜራው ሳያቀናብረው የሚያስቀምጠው ፋይል)፣ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 8። የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ።
3. ዕቃው ላይ የግንባር ባትሪ አብሩና ፎከስ አድርጉ። ከዚያ ፎከሱን ወደ ማኑዋል ቀይሩ፤ አለዚያ በየፎቶው ይለዋወጣል።
4. ነጭ ወረቀት ክፍሉ ውስጥ አስይዛችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። ከመስኮቱ ውጭ ያለው ቅጠል ክፍሉን አረንጓዴ ያደርገዋል። ቤት ስትገቡ ቀለሙን በዚህ ወረቀት ታስተካክላላችሁ።
5. በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ አንሱ። እጃችሁ ካሜራውን አይንካ።
6. አራት ፎቶ አከታትሉ፦ 2 ሰከንድ፣ ግማሽ ሰከንድ፣ 1/8፣ 1/30። የመጀመሪያው ጥጉን ያሳያል፣ የመጨረሻው መስኮቱን። ቤት ታዋህዷቸዋላችሁ። ቁጥሮቹ እንደ ክፍሉ ይለያያሉ፤ ልዩነቱ ግን ሁልጊዜ አራት እጥፍ ይሁን።
7. በስክሪኑ አጉልታችሁ ጥራቱን እዩ። ሳታዩ ትሪፖዱን አታንሱ።

ስልክ የያዛችሁ ፕሮ ሞድ (ቅንብሩ በእጅ የሚስተካከልበት) ካለው ይህንኑ አድርጉ። ከሌለው ስልኩን ትሪፖድ ላይ አስቀምጡ፣ መስኮቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ቆልፉና አንሱ፣ ቀጥሎ ጥጉን ነክታችሁ አንሱ። ወይም መስኮቱን ከጀርባችሁ አድርጉ። ይህ ቀላሉ መፍትሔ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

ፍላሽ አትጠቀሙ። አቧራውን ነጭ ነጥብ አድርጎ ያወጣዋል፣ ክፍሉንም ጠፍጣፋ ያደርገዋል። አንድ ጥግ በጣም ከጨለመ፣ ሹተሩ ተከፍቶ ሳለ የእጅ ባትሪውን ተቃራኒው ግድግዳ ላይ አብሩ። የሚመለሰው ብርሃን ለስላሳ ነው።

ምን ይነሳ? ይህ የኔ ምርጫ ነው። ሆስፒታሉን የጫካው ተቀጥያ አድርጋችሁ አንሱት። ጠዋት ያያችሁት ጫካ እዚህም ገብቷል። ሐረግ በመስኮት ይገባል። ሽበት በመሰለ ድር መሃል ፈርን ይበቅላል። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ውስጥ የቡና ችግኝ አይቻለሁ፤ ወፍ ጥላው ይሆናል። ዝገቱንና ቅጠሉን አንድ ፍሬም ውስጥ አስገቡ። የተሰበረ አልጋ ብቻውን ከየትም ይገኛል።

“የአጋንንት ቤት” እያላችሁ አትለጥፉ። በር ላይ ቡና የሚያፈሉ አንድ እናት “የመጀመሪያ ልጄን እዚህ ነው የወለድኩት፣ ያ መስኮት” ብለው አሳይተውኛል። እዚያ የተወለደና እዚያ የሞተ ሰው ቤተሰብ አጠገቡ ይኖራል። ያን መስኮት ከዚያ በኋላ ሳነሳ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ወደ ሰፈሩ አነሳሁት። እስከ ዛሬ የምወደው ፎቶ ነው።

ደረጃ 9፦ እነዚህን አታንሱ

የሕመምተኛ ካርድ፣ መዝገብ፣ ስም ያለበት የራጅ ፊልም። ዓመታት ቢያልፉም የሰው ምስጢር ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል። ወለል ላይ ተበትኖ ካገኛችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ንገሩ። ፍሬም ውስጥ ከገባ ስሙ እንዳይነበብ ፎከሱን አጥፉ ወይም ማዕዘን ቀይሩ።

በሕንፃው የተጠለለ ሰው ካገኛችሁ ክፍሉ የሱ ቤት ነው። ይቅርታ ጠይቃችሁ ውጡ።

ለማስታወሻ ብላችሁ ምንም አትያዙ። ጠርሙስም፣ ቁልፍም፣ ወረቀትም።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

መርፌ ከወጋችሁ፦ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ እጠቡ። አትጭመቁት፣ አትምጠጡት፣ በረኪና አታድርጉበት። ጉዞው እዚያ ያበቃል። በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ ለዚህ ዓይነት ነገር ጅማ ላይ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት ማለፍ የለበትም። ለ28 ቀን ይወሰዳል። ስለ ሄፓታይተስ ቢና ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቁ። “መርፌው የደረቀ ነው” ብላችሁ ቤት አትግቡ።

ውሻ ወይም የሌሊት ወፍ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ፦ 15 ደቂቃ ሙሉ በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ሁለት ሊትር ውሃ ያስያዝኳችሁ ለዚህ ነው። የዚያኑ ቀን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሂዱ። ጭረቱ ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ሰው ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ፦ ተከትላችሁ አትውረዱ። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ጋዝ የሚያድነውንም ይገድላል። ከላይ ገመድ ወይም ዱላ አቀብሉ፣ ፊሽካውን ንፉ፣ የሰፈሩን ሰው ጥሩ፣ 907 ደውሉ።

ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ሳል ከጀመራችሁ፦ ንጹሕ አየር ወዳለበት ውጡ። ተመልሳችሁ አትግቡ።

አንድ ሰው መጥቶ ፎቶውን አጥፉ ካለ፦ አትከራከሩ። ካሜራውን አውርዱ፣ ደብዳቤውን አሳዩ፣ ጥበቃውን ጥሩ። ካልተግባባችሁ አብራችሁ ቀበሌ እንሂድ በሉ። ብዙ ጊዜ ነገሩ በሰላምታና በማህተም ያልቃል።

መስኮቱ አሁንም ከነጣ፦ 1/125 አንድ ፎቶ ጨምሩ። ቅጠሉ በነፋስ ተንቀሳቅሶ ሲዋሃድ ከደበዘዘ፣ መስኮቱን ከአንዱ ፎቶ ብቻ ውሰዱት።

ደረጃ 10፦ መውጣትና ቤት መግባት

6 ሰዓት ላይ ውጡ። በር ላይ ሰው ቁጠሩ። በሩን እንዳገኛችሁት ዝጉ። ጓንቱን ገልብጣችሁ አውልቁ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ ከዚያ ውሃ ጠጡ። የጫማችሁን ሶል በዱላ ፍቁና መርፌ ወይም ብርጭቆ እንዳልተሰካ እዩ። ልብሱን ቤት ውስጥ አታራግፉት፤ ለብቻ እጠቡት።

ማታ፦ ፎቶውን ሁለት ቦታ ገልብጡ፣ ከዚያ በፊት ካርዱን አታጽዱ። ከመለጠፋችሁ በፊት የቦታ መረጃውን አጥፉ። ጂፒኤሱ ከፎቶው ጋር ከሄደ ስሙን አለመጻፋችሁ ዋጋ የለውም።

በሳምንቱ ሦስት አራት ፎቶ አሳትሙ። አንዱን ለጥበቃው፣ አንዱን ለፈቀደላችሁ መሥሪያ ቤት፣ አንዱን በር ላይ ቡና ላፈሉላችሁ እናት ውሰዱላቸው። ሲሰጧችሁ በሁለት እጅ ስለተቀበላችሁ፣ ስትሰጡም በሁለት እጅ ይሁን።